ሃምሳ ዓመት የጠጣ ሰው

ከቲያትር ቤቱ ጀርባ ያለው አሮጌ ጠጅ ቤት እንዳይፈርስ በቅርስነት መመዝገብ ነበረበት። ለዚህም ሃምሳ ዓመት የጠጣበት ደንበኛ በምስክርነት መቅረብ አለበት። እንዲህ ያሉት ደንበኞች ግን ሁሉም ሞተዋል።

የጠጅ ቤቱ ባለቤት እትዬ ድንቅነሽ አንድ ወጣት ተዋናይ ሽማግሌ መስሎ እንዲመሰክርላቸው ለመኑ።

"የኔ ልጅ፣ አንድ ብርሌ ጠጥተህ ትመለሳለህ።"

ወጣቱ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጉሥ ሆኖ ሊተውን ነው። ቢሆንም ነጭ ጺም ለጥፎ፣ ከዘራ ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

የቅርስ መዝጋቢው መጣ።

"አባባ፣ እዚህ መጠጣት የጀመሩት መቼ ነው?"

"ልጄ፣ ይህ ግድግዳ ገና ጭቃ ሳለ ነው" አለ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ። እትዬ ድንቅነሽ እንኳ አለቀሱ።

መዝጋቢው ግድግዳውን አንኳኳ።

"ይኼማ አዲስ ብሎኬት ነው፤ ቅርስ አይሆንም። ቅርሱ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ከዚህ እስካልተነሱ ድረስ ቤቱ አይፈርስም።"

ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮም አንገቱ ላይ አንጠለጠለለት።

የቲያትር ቤቱ ደወል ተሰማ። ተዋናዩ ደንግጦ ጺሙን ሊነቅል እጁን ሰነዘረ።

እትዬ ድንቅነሽ እጁን ለቀም አድርገው ያዙት።

"አባባ፣ ቅርስ አይነካም!" አሉና ብርሌውን ሞሉለት።