የልጁ ኮፍያ

የልጃቸው ተዝካር እንግዶች ሲበተኑ ቀሲስ ጥበቡ የዕጣኑን ጽና እንደያዙ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አሉ። ሌሊቱን በጸሎት ቆመው ነበር ያደሩት።

«ድስታችሁ አረረ!» ብላ ጎረቤት ከግድግዳው ማዶ ጮኸች። ባለቤታቸው አስካለ እየተጎተተች ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ያ በሽታ የሰውን ሁሉ አፍንጫ ከዘጋ ወዲህ ሐኪም ለእያንዳንዱ ሰው የሚመልስለት የመረጠውን አንድ ሽታ ብቻ ነው። ጎረቤታቸው ያረረ ነገር ሽታ መርጣ ሰፈሩን ትጠብቃለች። እሳቸው ዕጣን መረጡ፤ ራሳቸው ያላሸተቱትን እንዴት ለእግዚአብሔር ያቅርቡ? አስካለ የልጇን የራስ ጠረን መረጠች። አሁን ልጁ የለም፤ የክር ኮፍያው ብቻ ቀርቷል። ጠዋት ማታ አፍንጫዋን ትቀብርበታለች። ለእሳቸው ግን ባዶ ጨርቅ ነው።

ዛሬ ቀኑባት። ኮፍያውን አንስተው እየጸለዩ ጭሱ ላይ ደጋግመው አዞሩት። ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉት ዕጣኑ ሸተታቸው። ልጃቸው ካረፈ ወዲህ ገና ዛሬ አለቀሱ።

«አስካለ፣ ነይ! ለእኔም ሸተተኝ እኮ!»

ተቀብላ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ደጋግማ ሳበች። ገልብጣ ውስጡንም አሸተተችው።

«ምነው? ዕጣኑ ዋጠው እንዴ?» አሉ በሰለለ ድምፅ።

«ለእርስዎ ይሸትዎታል አይደል?»

«ይሸተኛል።»

«እንግዲያው እርስዎ ይያዙት» አለችና ኮፍያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጣ፣ ያረረውን ድስት ልትፈገፍግ ተመለሰች።