ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ቀን

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ከራሴ ከጨመርኩ ከዕድሜዬ ላይ ይቀነስብኝ፤ ያውም የሚቀነስ ብዙ አልቀረኝም።

ጋሽ ቁልፍ የሚሉት ሰው ነበር። እውነተኛ ስሙን ወላጅ እናቱም ረስታዋለች። ሥራው አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ መጠበቅ ነው። ጨዋታው የአትክልት ቦታ ነው፤ ትተክላለህ፣ ታጠጣለህ፣ ቀኑ ይመሻል፣ የደረስክበት በፋይል ይቀመጥልሃል። ተጫዋች ደግሞ እጁ አያርፍም። የተቀመጠለትን ፋይል በጓሮ በር ከፍቶ አንዷን ዛፍ ሺህ ያደርጋታል። ስለዚህ ጋሽ ቁልፍ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ የማይታይ ማኅተም ያትማል። አንዲት ፊደል ከተነካች ማኅተሙ ይሰበርና ጨዋታው አልከፍትም ይላል።

ሰውዬው በዚህ ሥራ የሦስት ኪቦርድ ፊደል በጣቱ ፍቆ ጨርሷል። ጨዋታውን ግን አንድ ቀን እንኳ ተጫውቶት አያውቅም። ለምን ሲሉት፣ የእስር ቤት ዘበኛ ይታሰራል እንዴ ይላል።

አንድ ሰኞ አለቃው ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ጣለችለት። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ተጫዋች ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። እና አንዱ ባለቁጥር በየቀኑ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛውን ቀን ይጫወታል። ትናንት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ዛሬም ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። በጨዋታው ሕግ ያለፈ ቀን አይመለስም። ማኅተሙን ቢያዩት ደግሞ ጭረት የለበትም።

ማኅተሙ የሚታተምበት ምስጢር በሁለት ሰው እጅ ብቻ ነው ያለው፤ በእሱና በለፍላፊው። ለፍላፊው አጠገቡ የሚቀመጥ ባልደረባው ነው፤ ጠዋት ያስነጠሰውን ከሰዓት ከተማው ሁሉ ይሰማል። አለቃቸው፣ ምስጢሩ በማን በኩል እንደወጣ እስከ ዓርብ ካልታወቀ ለፍላፊውን እንደምታሰናብተው ቁርጡን ተናገረች።

«ጋሽዬ» አለ ለፍላፊው፣ «ብዙ አወራለሁ፣ አልክድም። ግን የማወራው የማይረባውን ነው። የሚረባ ነገር ከአፌ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ጋሽ ቁልፍ አሰበና አለመስማቱን አመነ። ልቡ ግን አልጸዳለትም።

ይበልጥ የከነከነው የሌባው ጠባይ ነው። ገብቶ ምንም አይወስድም። ፍሬ አይቀጥፍም፣ ውሃ አያጠጣም። አርባ ደቂቃ በአትክልቱ መሃል ይዞራል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ይወጣል። በማግስቱም ያንኑ ያደርጋል። ጋሽ ቁልፍ እግር እግሩን በመዝገብ ሲከተለው ጀርባውን ብርድ ብርድ ይለው ነበር። ለፍላፊው መንፈስ ነው ብሎ ሊቀልድ ጀመረና እሱም ፈርቶ ተወው። አለቃቸው ግን ሌባ ከመግባቱ በፊት እጀታውን ይሞክራል አለች።

ማምሻውን ጋሽ ቁልፍ ቤቱ ሲገባ ከልጁ ክፍል የዚያው ጨዋታ ዜማ ይሰማዋል። አገር ሁሉ የሚጫወተው ነውና አይገርመውም። በሩን አይከፍትም። መዳፉን በሩ ላይ ያሳርፍና «ደህና ዋልሽ ልጄ?» ይላል።

«ደህና ነኝ አባዬ» ትለዋለች ከወዲያ።

ትንሽ ቆይታ ሚስቱ ከዚያው ክፍል ትወጣለች፤ የተኛ ሰው እንዳለበት በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች፤ ሁለት ሰሃን ታቀርባለች። ጨዋታ የያዘውን ልጅ እራት መች ይጠራዋል? ጎረቤት ሳቃችሁን ቀንሱልን ይለው የነበረ ቤት አሁን የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማበት።

ረቡዕ ሚስቱ ዓይኑ መደፍረሱን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«አንድ ሌባ አላስተኛ አለኝ።»

«ምን ወሰደ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምኑን ነው ሌባ የሆነው?»

ዳቦውን ቆርሶ ሳይጎርሰው ቆየ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩ በራለትና ግንባሩን ሲመታ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ምስጢሩ አልወጣም። ተጫዋቹ አንዲት ፊደል አልነካም። የሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛውን ቀን ፋይል ገልብጦ ሌላ ቦታ አስቀምጦታል፤ ተጫውቶ ሲጨርስ አዲሱን ይጥልና አሮጌውን ይመልሳል። ማኅተሙ «ተነክተሃል ወይ?» ይላል እንጂ «ዕድሜህ ስንት ነው?» አይልም። እንዲጠይቅ ያላስተማረው ራሱ ጋሽ ቁልፍ ነው።

ዓርብ ጠዋት በማኅተሙ ላይ ወደ ላይ ብቻ የምትቆጥር አንዲት ቁጥር ጨመረ። ከእንግዲህ ያረጀ ቅጂ ይዞ የመጣ በሩ ለዘላለም ተዘግቶበታል። አለቃቸው ለፍላፊውን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀችው። ለፍላፊው ጋሽ ቁልፍን አቅፎ ሲያነሳው አናቱ ጣሪያ ነካ።

ጋሽ ቁልፍ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። ዜማው አይሰማም። የልጁ ክፍል ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሚስቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ጠዋት ራሱ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ይህ ቀን አልፏል፤ አይከፈትም።

የበሩ ደፍ ላይ ቆመ።

«ልጄ እንደተወችው ነው፤ አንዲት ቅጠል አልነካሁም» አለች ሳትዞር። «ምን ወሰድኩ?»

እንግዲህ አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ ከበሩ ወዲያ «ደህና ነኝ አባዬ» ያለው የለም፤ ልጅቱ ከተቀበረች ስምንት ወር አልፏት ነበር።