ከሴትዮዋ ጎን ያለው ባዶ ቦታ

ባሌ ሴድሪክ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥንታዊ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ ይዞኝ ይዞራል። መቃብር ላይ የተነጠፈ የነሐስ ምስል ካገኘ ወረቀት ዘርግቶ በጥቁር ሰም ያሸዋል፤ ምስሉም ወረቀቱ ላይ ይወጣል። እዚህ የእንግሊዝ ኖርፎክ መንደር ግን ስንመጣ አምስተኛችን ነው፤ ሁልጊዜም መቃብሯ ላይ በነሐስ ለተቀረጸች ለአንዲት ሴትዮ። የባሏ ምስል ድሮ ተሰርቆ ከጎኗ ያለው ድንጋይ ባዶ ነው።

«ለእኔ እንኳ እንዲህ ተንበርክከህ አታውቅም» አልኩት።

«ከሞተች ስድስት መቶ ዓመት በሆናት ሴት ትቀኛለሽ እንዴ?» ብሎ መነጽሩን እያስተካከለ ሳቀ።

«ዛሬ እኔ ነኝ የማሻት። አንተ ሂድና ሻይህን ጠጣ።»

ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ፔርሙሱን ሲከፍት ሰማሁ። ወረቀቱን ዘርግቼ ፊቷን በሰሙ በንዴት ስፈትገው እጄ አልፎ ባዶው ድንጋይ ላይ ሄደ። እዚያም መስመር መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ የተንበረከከ ጉልበት፣ ቀጥሎ ባለ ቁልፍ ሹራብ፣ ከዚያ መነጽር።

«ሴድሪክ» ብዬ ዞርኩ። አግዳሚው ላይ ሻዩ ብቻውን ይጨሳል።

ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ፈገግ ብሏል። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።