ቅሽሙ አራተኛ ምዕራፍ

ወይዘሮ ውባንቺ አራተኛውን ምዕራፍ በሁለተኛው ክፍል ጠሉት። በአምስተኛው አንገሸገሻቸው። በስምንተኛውና በመጨረሻው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው «ቱ» አሉ።

«ይኸ ገዳይ ደሞ ከየት መጣ?»

«አሁን ነው የመጣው አክስቴ፤ በፊት አልነበረም» አለች እናትነሽ።

«ሰባት ክፍል ሙሉ ስንጠብቅ የት ከርሞ?»

«አልተናገሩም።»

«ኤዲያ። በሰው ደም እንዲህ ሲቀለድ ያቅለሸልሻል።»

ውባንቺ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወረታ ውስጥ ግን እንደሳቸው የወንጀል ፊልም የሚወድ የለም። ልባቸውን የወሰደው በየምዕራፉ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሟች፣ ሌላ ገዳይ ይዞ የሚመጣ የፈረንጅ ተከታታይ ነው። አስፋልቱ ዳር ካለው ቪዲዮ ቤት በፍላሽ ያስገለብጡታል። ባለቤታቸው አቶ አያልነህ በወጣትነታቸው ወደብ ላይ ጸሐፊ ስለነበሩ እንግሊዝኛ ይሰማሉ፤ ከጎናቸው ተቀምጠው የሚታየውንም የሚባለውንም በአማርኛ ይነግሯቸው ነበር። ገዳዩን ቀድመው የሚያውቁት ግን ሁልጊዜ ውባንቺ ናቸው።

«እኔን የሚያታልል ገዳይ ገና አልተወለደም» ይላሉ።

ባለፈው ፋሲካ ማግሥት የአያልነህ ግማሽ ጎን ከዳቸው፤ ምላሳቸውም አብሮ ታሰረ። አሁን ዱላቸውን ታቅፈው ከመቀመጥ በቀር ቃል አይወጣቸውም። መንገሩ ለእናትነሽ ተረፈ።

እናትነሽ የውባንቺ ወንድም፣ የማረው ልጅ ናት። አባቷን አታውቀውም። ርብ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ በዋጠበት ክረምት ውሃ ወሰደው ተባለ፤ ያኔ ገና ጡት ትጠባ ነበር። ያሳደጓትም፣ የእንግሊዝኛ መምህርት እስክትሆን ያስተማሯትም አያልነህ ናቸው፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት። ውባንቺ ደግሞ ከዚያ ክረምት ወዲህ አንድ ምኞት ብቻ አላቸው፤ የወንድማቸውን አጽም አግኝተው ቁሐር ሚካኤል ማሳረፍ።

ከግድግዳው ማዶ ወፍጮው ይጮኻል። የቤቱ መተዳደሪያ እሱ ነው፤ አያልነህ በዚያው ክረምት ከተከሉት ወዲህ የአገሩን ሩዝ ሲፈለፍል ሃያ ዓመት አልፎታል። በየወሩ ይበላሻል። ጎረቤቱም «በነሐሴ ሚካኤል ዕለት የተተከለ ወፍጮ ከዚህ ወዲያ ምን ይሁን» እያለ ያላግጣል።

«ይኸ ጫጫታም አላሰማኝ አለ» አሉ ውባንቺ። «ለመሆኑ አንች ልጅ፣ እየዘለልሽብኝ ነው እንዴ?»

«ቃል በቃል ነው የምነግርዎት።»

«አያልነህ ሲነግረኝ እንዲህ አልነበረማ።»

እውነት ለመናገር ምዕራፉ ራሱ ይቀፋል። መርማሪው ሥራ ፈትቶ በመስኮት ያያል። ሟቹን የሚያስታውሰው የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ይዘንባል፤ በመጨረሻ አንድ የማይታወቅ ሰውዬ ገብቶ «እኔ ነኝ» ይላል። ደክሞት ያልጨረሰውን ሥራ ሰው ፊት የሚያቀርብ ሰው ያስጠላል።

«ሦስተኛውን አይተሽዋል?» አሉ ውባንቺ።

«ያኔ ደብረ ታቦር ትምህርት ላይ ነበርኩ።»

«እሱን ባየሽ። ሁለት ጓደኛሞች ይጣላሉ። አንዱ ያንዱን ራስ በብረት ይመታና ከፋብሪካ ማሽን ሥር ሲሚንቶ ያለብሰዋል። ዘመዶቹ ሬሳ ሳያዩ ያለቅሳሉ። መርማሪዋ በምን ያዘችው መሰለሽ? በበዓል ቀን ሲሚንቶ የሚያቦካ ምን ያስቸኮለው ነው ብላ። ጭንቅላት ማለት ይኸ ነው።»

ያን ምዕራፍ ሲሰሙ ማረው ትዝ ብሏቸው ተንሰቅስቀዋል። አያልነህም አብረዋቸው አልቅሰዋል። የመጨረሻውን ክፍልማ የነገሯቸው መብራት ጠፍቶ ነው፤ ባሕር ዳር ቀድሜ አይቼዋለሁ ብለው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ውባንቺ። «ፍላሹ መሳቢያው ውስጥ አለ። ሦስተኛውን ክፈችና አንች ንገሪኝ። የተበላሸው ፊልሙ ይሁን ነጋሪዋ፣ ዛሬ ይለያል።»

የአያልነህ ዱላ ወለሉን ሦስት ጊዜ መታ።

«አየሽ፣ እሱንም አንገሽግሾታል። አይዞህ አያልነህ፣ የድሮውን ልትከፍትልን ነው።»

ዱላው እንደገና መታ። እናትነሽ ፍላሹን ቀየረች። የመጀመሪያውን ክፍል ትንሽ አየች፤ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ስድስተኛው፣ ወደ መጨረሻው አለፈች። መልሳ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

«ምነው ተለጎምሽ?»

«ፍላሹ ሌላ ሳይሆን አይቀርም አክስቴ።»

«ምዕራፍ ሦስት አይልም?»

«ይላል።»

«መርማሪዋ ሴት አይደለችም?»

«ሴት ናት።»

«ታዲያስ?»

«የሞተችው አንዲት አሮጊት ናት፤ በመርዝ። የገደለቻት ሠራተኛዋ ናት። ፋብሪካም ማሽንም የለበትም።»

«ሲሚንቶውስ?»

«የለም።»

«በዓሉስ?»

«የምን በዓል?»

ዱላው ከአያልነህ እጅ ወድቆ ተንከባለለ። የሚያነሳው አልነበረም። ውባንቺ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ መልሰው ወደ ግድግዳው አዞሩና ወፍጮውን ለረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«የማረው ልጅ» አሉ፣ «ወፍጮውን አስጠፊና ዶማ ያለው ሰው ጥሪልኝ፤ ለቁሐር ሚካኤል ቄስም ላኪ።»