አርባ ኪሎ ሜትር

የሺመቤት በአሮጌዋ ፒካፕ ወተት ከተማ አድርሳ ስትመለስ፣ ባሏ በየማታው ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያነባል። ከቤታቸው ከተማ ደርሶ መልስ አርባ መሆኑን ከመንገዱ ዳር የኪሎ ሜትር ምሰሶዎች ያውቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ ንባቡ ከአርባ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።

«ዛሬስ ስንት ሆንኩ?» ትለዋለች እየሳቀች።

«አርባ» ይላታል፤ ቅናቱም እስከ ነገ ጋብ ይልለታል። ቀድሞ አጭቷት የነበረው ዳምጠው ከዚያው መንገድ ገባ ብሎ ወፍጮ ቤት አለው።

በዚህ ሳምንት ባልየው ራሱ ፒካፗን ሲነዳ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው። የመኪናዋ ፍጥነት መለኪያ ስድሳ ሲያሳይ፣ ራዳሩ ስድሳ ስድስት አለ። መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። መካኒኩ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ምሰሶዎቹን እየቆጠረ አስነዳው።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ከልኩ በላይ ትልቅ ነው። አስራ አንድ ኪሎ ሜትር ሄደን ቆጣሪው አስር አለ። ፍጥነቱንም ርቀቱንም እኩል ያሳንሳል።»

«ይህን ጎማ ካስገባሁ እኮ ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

«እንግዲያማ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዋሽዎት ኖሯል!» ብሎ ሳቀ መካኒኩ።

ባልየው አልሳቀም።

«አርባ ሲል ስንት ማለት ነው?»

«አርባ አራት።»

ከአስፋልቱ እስከ ዳምጠው ወፍጮ ቤት በር ልክ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው።