የዝንብ መምቻው

ኖሊን እሁድ እሁድ በአውስትራሊያዋ ዱቦ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ያሉትን እናቷን ትጠይቃለች። ዛሬ ሙቀቱ ዝንቡን ሳሎን ድረስ አስገብቶታል። በእናቷ ግንባር ላይ ያረፈችውን ዝንብ እሽ ልትል እጇን ስታነሳ፣ አሮጊቷ ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ። አንገታቸው ላይ እንደ ወንፊት የተጠቀጠቀ፣ የበለዘ ሰምበር ነበር።

“እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?”

“ወድቀው ነዋ፣ የኔ ቆንጆ!” አለች አስታማሚዋ ትሪሽ እየሳቀች። “እኝህ ሴትዮ መች አርፈው ይቀመጣሉ? ቆይ፣ ከዝንቧ እኔ ልገላግላችሁ።”

ወንፊት መሳዩን የዝንብ መምቻ ከግድግዳው ላይ ስታወርደው መንጠቆው ሲጥ አለ። ሳሎኑን የሞሉት አረጋውያን ሁሉ ባንዴ ፊታቸውን ሸፈኑ። ከሁሉም የቀደሙት መስኮቱ ስር የተቀመጡት ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ነበሩ።

“ቶሎ በይ፣ ልጄ፣” አሉ እናቷ ከክንዳቸው ስር በሹክሹክታ፣ “አንቺም ሸፍኚ።”