የአንዱዓለም ፈረሰኛ

የትንሿን ድስት ክዳን ሳነሳ አማቴ እማማ ታይቱ ከመደቡ ላይ ሆነው አንገታቸውን ሰገግ ያደርጋሉ። ሽታውን ከእኔ ቀድመው ሊያውቁት ነው። ወጡ ገና ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት እሳቸው ራሳቸው እያንተከተኩት እንጂ በከተማችን በገንዳ ውሃ የሚያዝያ ሙቀት ሦስት ቀን የሚያድር ዶሮ የለም።

ፋሲካ ካለፈ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ክንፉም፣ አንገቱም፣ እንቁላሉም አልቋል። መረቁ ውስጥ የቀረችው ፈረሰኛዋ ብቻ ናት። ፈረሰኛ የአባወራ ድርሻ ነው። የእኛ አባወራ ባለቤቴ አንዱዓለም ደግሞ ትራክተር ሊነዳ ገዳሪፍ እንደተሻገረ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሳ፤ ስልኩም ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው። ያለ እሱ ስንፈስክ ይህ ሦስተኛችን ነው።

በየፋሲካው እማማ ታይቱ "ይቺ የልጄ ናት" ብለው ፈረሰኛዋን ያስቀምጣሉ። በየጠዋቱ ያንተከትኳታል። በአምስተኛው ቀን ግድም ትሸታለች፤ እኔም አውጥቼ ከአጥሩ ኋላ እጥላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የአባወራውን ድርሻ የበላው የሰፈሩ ውሻ ነው። በዚህ አያያዝ ቤቱን የሚያስተዳድረውም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ አልጥልም ብያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ከቅዳሜ ጀምሮ ቆርጫለሁ። ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሳበጥር፣ አቧራ ስቅም የምውለው ለውሻ ሥጋ ላቀርብ አይደለም።

በትልቁ ድስት ሽንኩርት አቁላልቼ ከወጡ መረቅ እገለብጥበታለሁ፤ ጥቂት ብቻ ፈረሰኛዋ ሥር ይቀራል። ውሃ አበዛለሁ። ለሦስት ሰው እንዲበቃ ከጎረቤታችን ከመጂዳ ያመጣሁትን ወይካ፣ የደረቀ ባሚያ ዱቄት፣ ነስነስ አደርግበታለሁ። መረቁ ወዲያው ወፍሮ ከማማሰያው ጋር ይሳባል።

"በዶሮ ወጥ ላይ ወይካ!" ይላሉ እማማ ታይቱ። "ኧረ በሥላሴ! አገሬ ደንቢያ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሽማግሌ ያስቀምጣል።"

"ደንቢያ ብንሆን ወይካውን ከየት አገኘዋለሁ እማማ?"

"አፍሽ ብቻ።"

የተቆጡት በወይካው እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። የእሑዱን እንጀራ እቆራርሳለሁ። ጠርዙ ደርቆ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ለፍርፍር ግን እንዲህ ያለው ነው የሚሻለው። ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ ሮዳስ ትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ርቧታል።

ከዚያ ፈረሰኛዋን በጭልፋ አወጣለሁ።

"እሷን ተያት።"

"እንደ አምናው ልትበላሽ ነው እኮ እማማ።"

"ነገ ረቡዕ ነው..." ብለው ይጀምሩና ያቆማሉ። እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም። በጾም ማመካኘት አይቻልም።

"ቢመጣስ?" ይላሉ።

"ቢመጣማ እሱው ራሱ ሌላ ያርዳል። አንዲት ዶሮ ለማሳረድ የሰው ባል መለመናችንም ይቀራል።"

ጠንከር አድርጌ ነው የተናገርኩት። እንዲጮኹብኝ እጠብቃለሁ። አምና ይህንኑ ብል "ልጄን በቁሙ ቀበርሽው" ብለው ሳምንት ሙሉ አኩርፈውኛል። ዛሬ ጭልፋውን ያያሉ። ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ ያልፋል።

"አምጫት" ይላሉ በመጨረሻ። "መጀመሪያ እጄን አስታጥቢኝ።"

አስታጥባቸዋለሁ። ፈረሰኛዋን በግራ እጃቸው ይዘው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። አይቸኩሉም። ስስ ስስ እያደረጉ ወደ ትልቁ ድስት ይጥሉታል። እንጀራውንም ጨምረው ማማሰያውን ከእኔ ይቀበሉና ራሳቸው ያገላብጡታል። የአንዱዓለም የትኛው፣ የእኛ የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅተኛል።

ትሪው ላይ ይገለብጡታል። "ብሉ" ይላሉ፤ "ሳይቀዘቅዝ።"

ወይካው ጥሩ ሆኗል። ሮዳስ በትልልቁ ትጎርሳለች። እማማ ታይቱም ይበላሉ፤ "ጨው አንሶታል" ይላሉ። እጄን ከትሪው የሰበሰብኩት እኔ ነኝ።

ማሸነፌ ነው እኮ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዴ "አይመጣም፣ ተይው" ስል፣ ይመጣል የሚል ሰው እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሳቸው ስለሚጠብቁልኝ ነው እኔ መጠበቅ የተውኩት። ጎበዝ የሆንኩት በእሳቸው ነው። አሁን እሳቸውም ጎርሰዋል። እፈራለሁ። እንዲህ የፈራሁት ስልኩ የተዘጋ ሰሞን ነው።

ትሪው እየተገባደደ ነው። የሮዳስ እጅ ወደ መጨረሻዋ ቁራጭ ሥጋ ሲሄድ ቀድሜ አነሳታለሁ።

"እማዬ! የኔ ናት እኮ!"

ቁራጯ የጣት ያህል እንኳ አትሆንም። ትንሿ ድስት ውስጥ፣ ከታች በቀረው መረቅ ላይ አስቀምጣትና እከድናለሁ። ድስቷን ምድጃው ላይ እጥዳታለሁ።

እማማ ታይቱ ያዩኛል። ከዚያ ጎንበስ ብለው አመድ የለበሰውን ከሰል እፍ ይሉታል።